ከሃምሳ ኪሎ በታች

ወንድሜን ያየ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይህ ልጅ አይበላም እንዴ?» ይበላል። ወላሂ ይበላል። እሱ የተነሣበት ትሪ መታጠብ አያሻውም፤ ጠራርጎት ነው የሚነሣው። ግን የበላው የት እንደሚደርስ አላህ ይወቅ። ቁመቱ ብቻ እየተመዘዘ ሄዶ ሄዶ፣ በበራችን ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ በጎኑ ሲቆም ደግሞ ተፈልጎ የሚገኝ ጎረምሳ ሆነ። በደሴው ሰፈራችን በሆጤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሰፈር ልጆች «ያዙት፣ ያዙት» እያሉ ይቀልዱበታል።

በዚህ ቅጥነቱ ከሁሉ ይልቅ የምታፍረው አክስታችን ናት። የአባቴ እህት ናት፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር ሆና ያሳደገችን እሷ ነች። ሥራዋ ሰኞ ገበያ ቅቤ መሸጥ ነው። «የቅቤ ነጋዴ የወንድም ልጅ አጥንቱ እየተቆጠረ ማን ቅቤዬን ይገዛኛል? ሞራ ቀላቅላ ነው የምትሸጥ ይሉኛል እኮ» ትላለች። ከድርቁ ወዲህ ደግሞ ባሰባት። በዚያ ክፉ ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች ካሜራቸውን ተሸክመው መጥተው፣ የወሎን ሰው አጥንቱን ብቻ ለዓለም አሳይተው ከሄዱ በኋላ፣ አክስቴ ቀጭን ሰው ባየች ቁጥር የተሰደበች ይመስላታል። እንግዳ ቤቷ ገብቶ ሳይበላ ከወጣማ እሷው ናት የምትታመመው።

ይህን ያስቀደምኩት በከንቱ አይደለም። ወንድሜን ለጦር ግንባር አሳልፋ ልትሰጠው ጥቂት የቀራት ይህችው የምትወደው አክስቴ ናት።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ገና መሙላቱ ነበር። የቀበሌው ጥበቃ በራችንን አንኳኩቶ ስሙን ጠራና «ለጤና ምርመራ ኮምቦልቻ ትወርዳለህ። ብቁ ከሆንክ ከዚያው ትሄዳለህ» አለው።

«ብቁ ካልሆነስ?» አለች እናቴ።

ጥበቃው ግራና ቀኝ አየና «እሱንማ ጓድ ሊቀ መንበርን ጠይቂያቸው፤ እሳቸው ያውቁበታል» ብሎ ሄደ።

ያውቁበት ነበር። ባለፈው ዙር የራሳቸው ልጅ ተጠርቶ ነበር። ይህ ልጅ የሰፈራችን የኳስ ቡድን ክንፍ ተጫዋች ነው፤ ሲሮጥ የራሱ አቧራ እንኳ አይደርስበትም። ኮምቦልቻ ወርዶ ሲመለስ ግን «ጠፍጣፋ እግር» የሚባል ነገር ተገኝቶበት «ብቁ አይደለም» ተባለ። እንዲህ ያለ በሽታ በሆጤ ሰምተን አናውቅም። ክሊኒክ የሚሠራ ድሬሰር ጎረቤት አለን፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። ያስረዳን እሱ ነው።

«እግርህን አርጥበህ ሲሚንቶ ትረግጣለህ። አሻራው መሃሉ ላይ ክፍት ከሆነ ደኅና ነህ። ሙሉው ከታተመ ጠፍጣፋ ነው። ረጅም መንገድ አይችልም ተብሎ ይታለፋል።»

በነጋታው ቦኖው ጋ ወረፋውም ጀሪካኑም ተረሳ። የሰፈሩ እናት ሁሉ የልጇን እግር እየነከረች ሲሚንቶው ላይ ታስረግጣለች። የሁሉም መሃሉ ክፍት ነው። የወንድሜማ ከመከፈቱ የተነሣ ተረከዙና ጣቶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ። እናቴ አሻራውን ስታይ ቆየችና «ለካ የድኻ እግር መሃሉ ጉድጓድ ነው» አለች።

በዚያው ዙር የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ልቡ ትደክማለች ተባለ። ሁለቱም ጆሮዎቹ የማይሰሙት የሸማኔው ልጅ ግን «ብቁ» ሆነ። ስሙን ቢጠሩት ዝም፣ ቢቆጡት ዝም፣ ዙር ቢሉት ዝም። «ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው» ብለው አሳለፉት። ከሄደ ወዲህ እናቱ ስለ እሱ ምንም አልሰማችም።

ስለዚህ የኛ ተስፋ ሚዛን ላይ ብቻ ቀረ። «ከሃምሳ ኪሎ በታች የሆነውን አይወስዱም፤ መሣሪያው ራሱ ይጥለዋል ይላሉ» አላት ድሬሰሩ ለእናቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወንድሜ ክሊኒክ ሄዶ ሲመዘን ሃምሳ ሁለት ሆኖ ተገኘ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍራም የተባለው ያን ቀን ነው።

እናቴ ቤት እንደገባን አወጀች።

«ከዛሬ ጀምሮ ረመዳን ነው።»

«እማ፣ ረመዳን እኮ አልደረሰም» አለ ወንድሜ።

«ላንተ ደርሷል።»

«ማፍጠሪያውስ?»

«ማፍጠሪያው ኮምቦልቻ ነው።»

«ኧረ እማ፣ ከዚህስ ጦርነቱ ይሻለኛል።»

«ጦርነቱ ማፍጠሪያ የለውም» አለችና ሞሰቡን አንሥታ ጓዳ ቆለፈችበት።

ምስኪን እናቴ አንድ ነገር ረስታ ነበር፤ ወሎ እንደምትኖር። በኛ አገር ልጅ ሊሄድበት ነው በተባለ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለም። ወሬው እንደተሰማ ሳህኑ፣ ትሪው፣ ሳፋው መምጣት ጀመረ። የሚመጣው ሁሉ ልጁ እንዲቀር ይጸልያል፣ ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ ሊያጎርሰው ይቀርባል። ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሄድ መናገር አይቻልም። ተናግረን ወሬው ቀበሌ ቢደርስ የሚታሰረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን የቄሱ ሚስት ናት፤ ድፎ ዳቦ ይዛ። ሥጋችን ባይገናኝም ዳቧችንና ሐዘናችን ይገናኛል።

«እንካ ልጄ፣ በሞቴ» አለች።

ወንድሜ እናቴን አየ። እናቴ ጣራውን አየች።

«ጠግቤያለሁ፣ እማማ» አለ ምራቁን እየዋጠ።

«ኧረ በሞቴ። አፈር ስሆን።»

ለሌላ ግብዣ ሁሉ እምቢ የሚባልበት መንገድ አለው፤ ለ«በሞቴ» ግን የለውም። አልበላም ካልክ፣ ሴትዮዋ ብትሞት ደንታዬ አይደለም ማለትህ ነው። ወንድሜ የጎረቤት ሞት የሚመኝ ልጅ አይደለም፤ አፉን ከፈተ። እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ነው የከፈተው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመችው። ሦስተኛው በቄሱ ሞት፣ አራተኛው በልጆቿ ሞት ሆነ። እናቴ በየጉርሻው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ዱዓ ይሁን እርግማን አልለየሁትም። ቤተሰቡ በሙሉ ከሞት ከዳነ በኋላ የቄሱ ሚስት እናቴን ሳም አድርጋ «እንዴት ያለ አበላል ነው! አስርባችሁት ይሆን?» ብላ ሄደች።

በማግስቱ እናቴ በሩ ላይ አቆመችኝ። «ታሞ ተኝቷል በዪ» አለችኝ። አልኩ። ታመመ ሲባል ደግሞ የበሽተኛ ምግብ መጣ፤ የአጃ አጥሚት፣ ቅንጬ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ የተንጣለለበት ገንፎ። አላህ የሰጠውን መመለስ ነውር ነውና ከበሩ ጀርባ ተቀምጬ ራሴ በላሁት። ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ስውጥ ያዳምጠኛል።

«ገንፎ ነው?»

«ገንፎ ነው።»

«ቅቤ አለው?»

«አለው። በርበሬም አለው።»

«አላህ ይይልሽ።»

የምርመራው ቀን ሲቃረብ እሱ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ የእኔ ዩኒፎርም ደግሞ ቁልፉ አልገጥም አለ። በዚያ ሰሞን ከቤታችን ለውትድርና ብቁ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አክስቴ ነገሩን ታውቃለች። እህል በአፉ አላደርግለትም ብላ ለእናቴ ቃል ሰጥታለች፤ ቃሏንም ጠብቃለች። ግን በመጣች ቁጥር ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ትመጣና አናቱ ላይ ትለድፍበታለች። «በአፉ ከከለከላችሁኝ በአናቱ ይግባ» ትላለች። እናቴ ቅቤ በአናት ገብቶ ያወፍር እንደሆነ ድሬሰሩን ጠይቃ፣ አያወፍርም ስለተባለች ዝም አለቻት።

በቀኑ ልጆቹን በጭነት መኪና አወረዷቸው፤ እናቴ፣ አክስቴና እኔ በአውቶቡስ ተከተልን። ደሴ ሹራብ የሚያስደርብ ብርድ ነው፤ ጠመዝማዛውን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነጠላ እንኳ የሚከብድበት ሙቀት ተቀበለን። ምርመራው በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ከሙቀቱ የተነሣ ትልቁን የብረት በር ወለል አድርገው ከፍተውታል። እኛ ቤተሰቦች ከገመድ ወዲህ ቆመን ውስጡን እንደ ትያትር እናያለን።

ከጠረጴዛው ጀርባ የደከመው አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ ከጎኑ ጸሐፊ፣ ከሁለቱ በላይ ደግሞ ካኪ የለበሰ ካድሬ ነበሩ። የካድሬው ካኪ ሆዱ ላይ ሲደርስ ከቁልፎቹ ጋር ይታገላል። ሚዛኑ የማሽላ ጆንያ የሚመዘንበት ነው፤ መዛኙም የመጋዘኑ መዛኝ ነው። ልማድ ሆኖበት ልጆቹንም እንደ ጆንያ ይመዝናቸዋል። ክብደቱን ለጸሐፊው ጮኾ ይጠራና «ለከረጢቱ አንድ ሲቀነስ» ብሎ ይቀንስለታል። ከረጢት የሚለው ልብሳቸውን ነው።

የወንድሜ ተራ ደረሰ። የአክስቴ ቅቤ በሙቀቱ ቀልጦ በግንባሩም በጆሮ ግንዱም ይወርዳል። ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«አርባ ዘጠኝ» አለ መዛኙ። «ለከረጢቱ አንድ ሲቀነስ፣ አርባ ስምንት።»

እናቴ እንዳልስቅ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የእሷ ከንፈር ግን ነጠላዋ ሥር ሆኖ ምስጋናውን ያወርደዋል። ሐኪሙ ቀና ሳይል «ክብደቱ አይሞላም። ብቁ አይደለም። ቀጣይ» አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ። ካድሬው ግን ቀልድ ይወድ ነበር። ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየውና በጣቱ ግንባሩን ነካ አድርጎ አሸተተ።

«ቅቤ ነው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

ካድሬው ወደ እኛ ዞረ፤ ሁላችንም እንድንሰማ። «ወሎዎች ቅቤን የምታውቁት በአናታችሁ ብቻ ነው እንዴ? ይህን ልጅ በአፉ ያጎረሰው ሰው የለም? ምን ዓይነት ቤት ነው ያሳደገው? እናት አገር ወታደር ስትጠይቅ እናንተ የረሃብ ፎቶግራፍ ትልካላችሁ።»

ጸሐፊው ሳቀ። እኔ አክስቴን አየኋት። ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ መጋዘኑ ትገፋዋለች።

«ተይ» አለቻት እናቴ በሹክሹክታ። «በአላህ ተይ።»

«ጌታው» አለች አክስቴ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«አክስቱ ነኝ። ይህ ልጅ ያደገ በእኔ እጅ ነው። ጥርስ ሳያበቅል ቅቤ የዋጠ ልጅ ነው። ሰኞ ገበያ ወጥተው ቢጠይቁ የእኔን ቤት የማያውቅ የለም፤ ሳይበላ የወጣ ሰውም የለም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ቅቤ የት ገባ?»

«እናቱ አስርባው ነው እንጂ! ትናንት እንኳ በውሃ ነው ያደረ። እኛ ቤት እህል ጠፍቶ አይደለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉ ወጥቶ መጋዘኑን ሲዞር ሁላችንም ሰማነው፤ ከሁላችን በኋላ የሰማችው ራሷ አክስቴ ናት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ግን የሚከደን ነገር አልቀረም።

ካድሬው ፈገግ አለ። «አየህ፣ ጓድ ዶክተር፣ ይሄ ቅጥነት አይደለም። ይሄ ሻጥር ነው።»

ሻጥር ከተባለ፣ ስኳር የደበቀ ነጋዴም ልጇን የደበቀች እናትም እኩል ናቸው። እናቴን አሁን ይወስዷታል ብዬ ነጠላዋን ያዝኩ። ካድሬው ግን ከዚያ የሚጥም ነገር አስቦ ነበር።

«ልጁ እዚሁ ይቆይ። ቤቱ ያስራበውን መንግሥት ያበላዋል። ጓደኞቹ እስኪጫኑ ሃምሳን ያልፋል፤ እኛም በሕዝብ ፊት እንደገና እንመዝነዋለን።»

ወደ ደሴ ስንመለስ እናቴ አክስቴን አልሰደበቻትም። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። አክስቴ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ እህል አልቀምስም አለች። እናቴ ችላ ብትላት፣ ብትላት፣ በመጨረሻ አልቻለችም፤ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ልትሆኚ ነው? አንቺም ከሃምሳ በታች ልትገቢ ነው?»

«በእኔ ምላስ ልጁ እየሄደ እኔ ምን እበላለሁ?» አለች አክስቴ።

ያን ቀን እኔንም እህል አስጠላኝ፤ እናቴ ይህን ስታይ ነገሩ የምር እንደሆነ ገባት።

ልንጠይቀው ኮምቦልቻ ወረድን። አክስቴ በቆርቆሮ የተነጠረ ቅቤ ይዛለች፤ ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም። በር ላይ ያለው ጥበቃ «የቤት ምግብ ክልክል ነው» ብሎ ቆርቆሮውን ለምርመራ ወሰደው። ምርመራው አላለቀ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ወንድሜን በሽቦው አጥር አየነው። ሸሚዙ ሰው ላይ ሳይሆን ምስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል።

«ምን ትበላለህ?» አለችው እናቴ።

«ጠዋት ምስር፣ ቀን የምስሩን ውሃ፣ ማታ ውሃውን።»

«ምስሩ የት ይሄዳል?»

«እንጃ። በመኪና ሲገባ አይተነዋል። ከዚያ ወዲያ ለሁላችንም ተሰወረ።»

ለአክስቴ አልተሰወረባትም። በዚያ ሰሞን ሰኞ ገበያ ላይ ምስር ረክሶ ነበር፤ ጆንያው ሁሉ ያን መጋዘን መጋዘን ይሸታል። አክስቴ ግን ምላስ ምን እንደሚያመጣ ስለተማረች፣ ለእኛ ብቻ ነገረችን።

የመጫኛው ቀን ደረሰ። መኪኖቹ ደጅ ተሰልፈዋል። እኛም ከገመዱ ወዲህ ቆምን፤ አክስቴ በዚያ ሙቀት ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ። ካድሬው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እስቲ አሁን መንግሥት እንዴት እንደሚያበላ እዩ» አለን። ወንድሜ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

መዛኙ አየ። እንደገና አየ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጮኸ።

«አርባ ስድስት። ለከረጢቱ አንድ ሲቀነስ፣ አርባ አምስት።»

ጸሐፊው ሳይጽፍ ብዕሩን አነሣ።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ ካድሬው። «ውረድ አንተ።» ለማረጋገጥ ራሱ ወጣበት። መዛኙ ልማድ ነውና ለእሱም ጮኸ።

«ሰማንያ ዘጠኝ። ለከረጢቱ አንድ ሲቀነስ፣ ሰማንያ ስምንት።»

ከገመዱ ወዲህ የቆመውን ሕዝብ ሁሉ በአንዴ ሳል ያዘው።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጓድ?» አለ ጸሐፊው።

ካድሬው ክብደቱ ጎደለ ቢያሰኝ፣ የጎደለው በመንግሥት እጅ ነው። ሞላ ቢያሰኝ፣ መዛኙ ለኮምቦልቻ በሙሉ ጮኾ ተናግሯል። እናቱ አስራበችው እንዳይል፣ እናቱ ከገመድ ወዲህ ናት። በዚያች ሰዓት ላብ ያጠመቀው ከወንድሜ ይልቅ እሱን ነበር።

ሽማግሌው ሐኪም መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«እስቲ እግሩን ልየው» አለ።

ወንድሜ ያን ከሥሩ ድመት የሚያሳልፍ እግሩን አነሣ። ሐኪሙ አየው። ካድሬውም አየው።

«ጠፍጣፋ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ነው?»

«በጣም።»

«እንዲህ አይባልም ታዲያ መጀመሪያውኑ?» አለ ካድሬው፣ ፊቱ እየፈካ። «የተፈጥሮ ጉድለት ነው በል። የምግብ ጉዳይ አይደለም።»

«የምግብ ጉዳይ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ብቁ አይደለም። ቀጣይ።»

ቀጣዩ ከቦሩ ሜዳ የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ እሱም ጫማውን አወለቀና «ጌቶች፣ የእኔንም እግር ይዩልኝ» አለ። ሐኪሙ ወደ ካድሬው አየ። ካድሬው ወደ እግሩ እንኳ ሳይመለከት «ያንተ ጉድጓድ አለው» አለው። መኪናው ላይ ሲወጣ አባቱ ከጎኔ ቆመው ነበር። «አላህ ይመልስህ» አሉ። ዓይናቸው የልጃቸው እግር ላይ እንደቀረ መኪናው ሄደ። ስስቅ ቆይቼ ነበር፤ ሳቄን የት እንዳደርገው ጠፋኝ።

ወንድሜ ቤት ሲገባ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሳይቀሩ «እንኳን ደኅና መጣ» ሊሉን መጡ። «የእኔም ልጅ ይኸው አለበት። ምን ይደረጋል፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ብለው እናቴን አጽናኗት። የእሳቸው ልጅ እሁድ ዕለት ሁለት ጎል አግብቷል። ወንድሜ ኳስ ልጫወት ቢል ግን እናቴ በጄ አላለችም። ጠፍጣፋ እግር ያለው ሰው ኳስ የሚጫወተው አባቱ ሊቀ መንበር ከሆነ ብቻ ነው።

አክስቴ አሁን ከልካይ የላትም። ቅቤውን በአናቱም በአፉም ታስገባለች፤ በየጉርሻው «በሞቴ» ትለዋለች፤ እሱም በየጉርሻው ከሞት ያድናታል። አሁንም ቀጭን ነው። እሷ ግን ሰው ሲጠይቃት አትቆጣም። «እግሩን አሞት ነው» ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ወንድሜ በረንዳው ላይ ውዱ አድርጎ ለሶላት ሲገባ፣ እርጥብ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ይታተማል፤ ተረከዙ ለብቻ፣ ጣቶቹ ለብቻ፣ መሃሉ ወለል ያለ ክፍት። እናቴ የትም ብትሆን ትደርሳለች። ጨርቋን ይዛ ጎንበስ ትልና፣ የግቢውን በር አየት አድርጋ፣ አሻራውን አንድ በአንድ ትጠርገዋለች።

«ተይው እንጂ፣ ይደርቃል» ትላታለች አክስቴ።

«ሳይደርቅ ሰው ቢገባስ?» ትላታለች እናቴ።